ከአንኮበር የተላከው ጠርሙስ

ባኩ፣ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአለቃ ገብረአማኑኤል
አንኮበር

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። እኔ የእህትዎ ልጅ ዘርአ ዳዊት ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። የዚህ ባሕር ነፋስ ከጣርማ በር ነፋስ ይብሳል ብል አያምኑኝም፤ ግን ይብሳል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ትሠራለህ? ማስረዳት አቅቶህ ነው ወይስ ንቀኸኝ?» ብለው ጽፈውልኛል። እንግዲህ ዛሬ ተራው የእኔ ነውና እርስዎ ተማሪ ይሁኑልኝ። ከባሕሩ ማዶ ካለው በረሃ ሰም የበዛበት ድፍድፍ ነዳጅ ይወጣል። ከጉድጓዱ ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ይፈስሳል፤ ቀዝቀዝ ሲል ግን ቧንቧው ውስጥ እንደ ጧፍ ሰም ቀጥ ይላል። በባቡር ሲያመጡት እንኳ ፉርጎውን ከሥር እያሞቁ ነው። መምህራችን ይህን ድፍድፍ የሚያቀጥኑበት ዘዴ ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ዘዴው ውሃ ነው።

ውሃውን በወፍራም የብረት ዕቃ ዘግተን ከሦስት መቶ ሰባ አራት ዲግሪ በላይ እናሞቀዋለን። ውስጡ ያለው ግፊት እኛ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ሁለት መቶ ሃያ እጥፍ ያልፋል። ያን ጊዜ ውሃው ውሃም አይደለም፣ እንፋሎትም አይደለም። ዘይትና ውሃ አይዋሐዱም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ፤ እዚያ ውስጥ ግን ይዋሐዳሉ። ረጃጅሙ ሰም ይቆራረጣል፤ የሚወጣው ዘይት በክረምትም ይፈስሳል። ያለ ውሃ ብናሞቀው ብዙው ከሰል ሆኖ ይቀርብን ነበር።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ያ ውሃ ብረቱን ከውስጥ ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ዕቃውን ስናሞቅ ከግንብ ጀርባ ቆመን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ክዳን ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ሰው አልተጎዳም፤ እርስዎም አይጨነቁ።

ለዓይንዎ መነጽር ገዝቻለሁ። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። በጸሎትዎ አስቡኝ።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ጥር 13 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት

የአባቶችህ አምላክ ከብርዱም ከዚያ ከክፉ ብረትህም ይሰውርህ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ደብዳቤህ ለገና ዋዜማ ከደብረ ብርሃን ደረሰኝ። እንደ ልማዳችን ሰንበቴ ላይ ቆሜ ለማኅበርተኛው ሁሉ አነበብኩት። እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ለብቻ አይነበብም፤ ለብቻው የሚያነብ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። «ውሃም አይደለም፣ እንፋሎትም አይደለም» ከሚለው ስደርስ አንዱ ተነሥቶ «እንዲያ ያለውንማ እኛም አገር እናውቀዋለን፣ ደብተራ ነው፤ ቄስም አይደለም ጨዋም አይደለም» ቢል ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ። ደብተራዎቹ እስካሁን አኩርፈዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የአልዩ አምባውን ነጋዴ ረሺድን ታውቀዋለህ፤ ሃይማኖት ቢለየንም እንደ ወንድሜ ነው። የአንተን ነገር ስነግረው ሳቅ አለና «ይኼማ በእኛም መንገድ አለ» አለኝ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስትወርድ ካለው ተዳፋት ላይ ባለፈው ክረምት ናዳ ወርዶ ነበር። ከናዳው ሥር ጥቁር ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል። ግመለኞች ለግመል እከክ ይቀቡታል። እሳት ሲነካው ይነድዳል። እኔም ወርጄ በዓይኔ አየሁት።

አንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ አፉን አሽጌ፣ ወደ አንተ ዘንድ ለትምህርት በሚመጣ የደብረ ብርሃን ልጅ ልኬልሃለሁ። «የእህቴ ልጅ ይመረምረዋል» ብዬ በአደባባይ ተናግሬአለሁና አታሳፍረኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ሰምቶ ደስ ብሎታል። መነጽሩን አትርሳ።

አጎትህ አለቃ ገብረአማኑኤል


ባኩ፣ ሰኔ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ከርመዋል? ጠርሙሱ ሳይሰበር ደረሰኝ። ጓደኞቼን ሰብስቤ ከፈትኩት። ጭቃውን አጣርቼ፣ አሙቄ፣ መልሼ አቀዘቀዝኩት። አጎቴ፣ በሠላሳ ሁለት ዲግሪ ቀጥ አለ! ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው ድፍድፍም የሚረጋው እዚያው አካባቢ ነው። ሽታውም ይመሳሰላል። መምህሬ አሽትተው «ይህ ከየት አገር ነው?» ሲሉኝ «ከአጎቴ አገር» አልኩ፤ ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ባዩ።

በውሃው ገና አልፈተንኩትም። የብረት ዕቃው ተራ ይዟል፣ እስከ መኸር አይደርሰኝም። እስከዚያው ግን ሰም ያለበት ነዳጅ ይመስላል ብል አላጋነንኩም። መነጽሩን በጥቅል ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ መስከረም 22 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት

ክረምቱን በሰላም ያሻገረን አምላክ ይመስገን። የሰኔውን ደብዳቤህን እንደ ፊተኛው ሰንበቴ ላይ አነበብኩት። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ «ነዳጅ ይመስላል» የምትለውን ቃል ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠ። በሳምንቱ ከአውራጃው ጓድ ወልደተንሣኤ የሚባል ካድሬ በሁለት መኪና መጣ። ጮሌ ሰው ነው፣ ንግግሩም ትሑት ነው። ጉዳዩን ወደ ላይ አስታውቋል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሚሰቀለው ጨርቅ ላይ «የአንኮበር ነዳጅ» ተብሎ እንደሚጻፍ ነግሮናል። እስከ በዓሉ አንድ ዓመት እንኳ አልቀረም።

ተዳፋቱ በሽቦ ታጥሯል። እዚያ ያርሱ የነበሩ አርባ አባወራዎች ማሽላቸው ሳይደርስ ተነሥተዋል። ወደ እኔ እየመጡ «አለቃ፣ ምን አደረግንዎ?» ይሉኛል።

በነሐሴ አንድ የድንጋይ አዋቂ ከአዲስ አበባ ተልኮ መጥቶ እኔ ቤት ሦስት ቀን አደረ። ጨዋ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ለጓድ ወልደተንሣኤ «ይህ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ከሥሩ ነዳጅ የለም» አለው። «አሻጥር» ተባለ። ከምሳ አስነሥተው በመኪና ወሰዱት፤ ባርኔጣው እኔ ቤት ቀረ። ሚስቱ ከአዲስ አበባ ድረስ ልትጠይቅ መጥታ የምሰጣት ባርኔጣውን ብቻ ሆነ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ፖስታው ሁለት ጊዜ ሙጫ የነካው ይመስል ነበር። የክረምት ርጥበት ይሆናል። ከእንግዲህ ሰንበቴ ላይ አላነብም። መነጽሩ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በውሃህ ስትፈትን አትቸኩል። ስትጽፍም አትቸኩል።

አጎትህ


ባኩ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለዚያ አዋቂ ያነበብኩት እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምክንያቱም እውነቱን ነበር።

በመጨረሻ የብረት ዕቃው ተራ ደረሰኝ። የጠርሙሱን ግማሽ ከውሃ ጋር ዘግቼ አራት መቶ ዲግሪ አደረስኩት። ድፍድፍ ቢሆን ሰሙ ተቆራርጦ ቀጭን ዘይት ይሰጠኝ ነበር። ስከፍተው ከዘይቱ ሌላ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ፤ ከሥር ኖራ፣ ከላይ የእንስሳ ጮማ። ሁለተኛ ፈተንኩ፣ ያው ነው። ኖራና ጮማ አንድ ላይ የሚቀላቅል መሬት የለም፣ የሚቀላቅል ፋብሪካ ነው። አጎቴ፣ የላኩልኝ ግራሶ ነው። የመኪናና የመድፍ መንኮራኩር የሚቀባ ተራ ግራሶ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት አንኮበር ላይ ምሽግ ነበረው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሲሸሽ በርሜሎቹን እዚያ ተዳፋት ላይ ቀብሮ ይሆናል። በርሜሉ ዝጎ አሁን ተቀደደ።

የሰኔው ደብዳቤዬ የችኩል ሥራ ነበር። አፈርኩ። እባክዎ ለጓድ ወልደተንሣኤ በትሕትና ያስረዱልኝ። ተዳፋቱን ቆፍረው ካዩ በርሜሎቹን ያገኟቸዋል፤ አርባዎቹ አባወራዎችም ወደ መሬታቸው ይመለሳሉ። እውነት እስካለን ድረስ የሚያስፈራ ነገር አይታየኝም።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ የካቲት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ

ለጓድ ዘርአ ዳዊት

አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ቤተሰቡም ደኅና ነው። ከሰኔ ወር ወዲህ ከአንተ ምንም ደብዳቤ አልደረሰንም።

የአንኮበር ነዳጅ ፍለጋ በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው። የመሰርሰሪያ መሣሪያም ታዝዟል። አገርህ ያስተማረችህ ለዚህ ቀን ነውና ትምህርትህን አቋርጠህም ቢሆን ከአሥረኛው ዓመት በዓል በፊት እንድትገባ ጓድ ወልደተንሣኤ ጥሪ አቅርበውልሃል። የአውሮፕላን ትኬት ይላክልሃል። የሥራው ኃላፊ አንተ ትሆናለህ። ሳትዘገይ ና። እኔም መምጣትህን እፈልጋለሁ።

ገብረአማኑኤል


ባኩ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎ ደርቆብኝ ነበር፤ «ጓድ» ብለው ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የጻፈው መስሎኝ ደነገጥኩ። ጽሕፈቱ ግን የእርስዎ ነው።

የታኅሣሡ ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። አይጨነቁ፤ በውስጡ የነበረውን በቃሌ አስረዳለሁ፣ ከወረቀት ይልቅ ፊት ለፊት ይሻላል። መምህሬ ፈቅደውልኛል። በነሐሴ እገባለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ሳልቀልድብዎ አላልፍም። የአገሩን ካህን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ ያስቆጠሩት አለቃ ገብረአማኑኤል ዘመኑን ማርቆስ ብለው ጻፉልኝ! ያለነው በዮሐንስ መሆኑን የእርስዎ ሰነፍ ተማሪ፣ ሩስያ አገር ተቀምጦ እንኳ አይስተውም። ያውም ከዚያ በፊት በጻፉልኝ ደብዳቤ ዮሐንስ ብለው ነበር። አንድ ቀን ስሕተት አገኘሁብዎ ብዬ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። መነጽሩ አልሠራ አለ እንዴ? ወይስ ጓድ ወልደተንሣኤ አጠገብዎ ቆሞ ሲያጣድፍዎ ነበር?

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


ጅቡቲ፣ ሰኔ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለልጃችን ለዘርአ ዳዊት። እኔ የአልዩ አምባው ረሺድ ነኝ። በንግድ ወደ እህቴ ወደ ዙቤዳ ዘንድ ወርጄ ይህን ከዚህ እልክልሃለሁ፤ ከአገር ቤት ቢላክ አይደርስህም።

አለቃ ታስረዋል። ነገር ማለዘብ አላውቅበትም። የታኅሣሡ ደብዳቤህ አልጠፋም። ጓድ ወልደተንሣኤ ፊታቸው ላይ አንብቦ እምድጃ ውስጥ ጨመረው። «ይህ ቃል ሁለተኛ ከአፍህ ቢሰማ ሞተሃል» አላቸው። ሰውየው ነዳጅ ተገኘ ብሎ ወደ ላይ ጽፏል፣ መመለሻ የለውም። የየካቲቱን ደብዳቤ ራሱ እየተናገረ አስጻፋቸው። እሳቸውም ከአናቱ ላይ ዘመኑን ሆን ብለው አበላሹት። በማግስቱ ገበያ አግኝተውኝ «ልጁ ገና ሲያየው ይገባዋል፤ እኔ ዘመን ስቼ እንደማላውቅ ያውቃል። አይመጣም» ብለውኝ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ከዚያ የሚያዝያው ደብዳቤህ መጣ። ካድሬው ዘመነ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አንብቦ ሲያበቃ ግን አንድ ደብተራ አስጠርቶ «አሁን ያለነው በማን ዘመን ነው?» አለው። «በዮሐንስ» አለ፣ ምን ያድርግ? በዚያው ቀን አለቃን ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው። ከውጭ ጠላት ጋር የተስማሙበት ምልክት ነው ተባለ።

ሁለት ጊዜ ስንቅ ወስጃለሁ። በሁለተኛው ስንቁን ተቀብለው ጋቢውን «አያስፈልገውም» ብለው መለሱልኝ። በሕይወት መኖራቸውን አንድ ዘበኛ ምሎልኛል። በዚሁ ሰው በኩል «አትምጣ በለው» ብለውኛል፤ አደራ ነውና አድርሻለሁ። የራሴን ልጨምር? አንተ ካልመጣህ ከበዓሉ በኋላ አያቆዩዋቸውም። ይህን አትንገረው ብለውኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረሺድ


ባኩ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጋሽ ረሺድ፣ በእህትዎ በወይዘሮ ዙቤዳ በኩል

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ማልቀሱ ምንም እንደማይረዳ ገባኝ። አጎቴን ያሳሰረው የእኔ ቀልድ ነው። ልጅነቴን ሙሉ ባሕረ ሐሳብን በእጃቸው ቆጥሬ፣ አንዲት ስሕተት ሳገኝባቸው ለምን ተሳሳቱ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ሳቅሁ።

ለአውራጃው የጻፍኩትን ግልባጭ ከዚህ በታች ያገኙታል። ውሸት ነው። የሥራውን ኃላፊ የሚፈልጉት መሰርሰሪያው እስኪጨርስ ነው፤ እስከዚያ አይነኩኝም። አጎቴን ወደ ተዳፋቱ ያወጡልኛል። በወጡ በሳምንቱ ከግመሎችዎ ጋር ይዘዋቸው ይውረዱ። ለእሳቸው ግን በእሳቸው ፋንታ የምቀረው እኔ መሆኔን አይንገሩ፤ አይሄዱም።

«ለጓድ ወልደተንሣኤ። ከአንኮበር የተላከው ናሙና በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ውሃ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሰም ያለበት ድፍድፍ ነዳጅ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ቀድሞ በችኮላ የጻፍኩት ስሕተት ነበር። የዘመኑ ስም መበላሸት የአጎቴ እርጅና ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ናዳው ከመውረዱ በፊትና በኋላ ምንጩ የት እንደነበር የሚያሳዩኝ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በሥራው ቦታ እንዲገኙልኝ እጠይቃለሁ። ነሐሴ 24 ቀን እገባለሁ። ዘርአ ዳዊት።»


ጅቡቲ፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘርአ ዳዊት

እግዚአብሔር ያለህበትን ሥፍራ ይባርክልህ ልበል እንጂ፣ ያለህበትን ሥፍራ ሳስብ አፌ ይተሳሰራል። ረሺድ ወረቀት ይዞ ኬላ አያልፍም። ስለዚህ ይህን ጽፌ እንደ ዳዊት በቃሉ አስጠናዋለሁ፤ ጨው ሊሸጥ ሰፈራችሁ ሲደርስ ይነግርሃል።

በጳጉሜን ሽቦው ዘንድ ሲያመጡኝና ሳገኝህ በድንጋጤ ልሞት ነበር። አቅፈኸኝ «ከረሺድ ጋር ይውረዱ፣ እኔ በሳምንቱ እከተላለሁ» አልከኝ። አመንኩህ። ውሸትን ከማን ተማርክ? የፈረምከውን ወረቀት ረሺድ የነገረኝ እዚህ ከደረስን በኋላ ነው። ልመታው ተነሥቼ ነበር፤ ዙቤዳ ያዘችኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ለመታሰርም ለመሞትም ተዘጋጅቼ ነበር። በአንተ ነፍስ ተለውጬ እዚህ ሙቀት ውስጥ ለመቀመጥ ግን አልተዘጋጀሁም። ተቆጥቻለሁ። እወድሃለሁም።

መሰርሰሪያው አራት መቶ ሜትር ደርሷል፣ የታዘዘውም ስድስት መቶ ነው አሉ። ልብ ብለህ ስማኝ። መሰርሰሪያው እየጮኸ ሳለ ማንም አንተን አይመለከትም፤ ሁሉም የሚያየው ጉድጓዱን ነው። ዝም ያለ ዕለት ሁሉም ወደ አንተ ይዞራል። ስለዚህ እየጮኸ ሳለ ውረድ። ልብስህን አትያዝ፣ መጽሐፍህን አትያዝ፤ የምትመለስ መስለህ ውጣ። ረሺድ ከአልዩ አምባ በታች ሦስት ቀን ይጠብቅሃል፤ ግመለኞቹ መንገዱን ያውቁታል። በዚህ በኩል እኔ አለሁ። ስለ እኔ ብለህ ያደረግኸውን ስለ እኔ ብለህ ተወው።

አጎትህ አለቃ ገብረአማኑኤል


ጅቡቲ፣ የካቲት 2 ቀን

ረሺድ ትናንት ገባ። ደብዳቤውን አንድ ቃል ሳያጎድል ይዞት ወጥቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ይዞት ተመልሷል። ከሽቦው በር ሲደርስ መሰርሰሪያው ቆሟል። ሠራተኞቹ ተቀምጠው ደመወዝ ይጠብቃሉ። ኃላፊው የት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ከምሳ ተነሥቶ በመኪና ሄደ አሉት።